ከከተማ ሥር የሚያልፍ መንገድ፦ የፍጥነት መንገድ መሿለኪያዎችና ከገጸ ምድር መንገዶች ጋር የሚጋጠሙበት አሠራር በቦስተን ምሳሌነት

«ዋሻ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ተፈጥሮ የሠራውን የአለት ጉያ፣ የባሕታዊ በዓትን ወይም የአውሬ መጠለያን ነው። ሰው ለመተላለፊያ ቆፍሮ ያበጀውን ለይቶ ለመጥራት «መሿለኪያ» የሚለው ይሻላል። ቃሉ ከመሹለክ ጋር አንድ ሥር ያለው በመሆኑ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል መውጣትን በውስጡ ይዟል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪም በሰፈር ስምነት ያውቀዋል። ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። ዋሻ መውጫ ባይኖረው ዋሻነቱ አይቀርም፤ መሿለኪያ ግን መውጫ ከሌለው ጉድጓድ ነው። በከተማ ውስጥ ለፍጥነት መንገድ የሚሠራ መሿለኪያም ከባዱ ነገር የሚገኘው ከመሃሉ ይልቅ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው፦ ከገጸ ምድር ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አፍ፣ ግድግዳው ከጣሪያው በሚያያዝበት መስመር፣ አዲሱ ሥራ በነባሩ ሥር ወይም በላይ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሚያልፍበት የጣርማ በር መሿለኪያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራ ተበስቶ የተሠራ ነው። ሥራው ቀላል ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከላዩ ያለው ተራራ ነው፤ ተራራ ካሳ አይጠይቅም፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስም የዕለት ኑሮውን ልቀጥል አይልም። በከተማ ሥር የሚቆፍር መሐንዲስ ግን በላዩ የቤት መሠረት፣ የባቡር ሐዲድ፣ የውሃና የጋዝ ቧንቧ፣ ከሁሉም በላይ በየዕለቱ ወደ ሥራ የሚሄድ ሕዝብ አለ። ይህ ጽሑፍ የዚህን ሥራ አካሄድ በዋናነት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ በተካሄደውና «ትልቁ ቁፋሮ» በሚል ቅጽል ስም በታወቀው ፕሮጀክት አማካይነት ያስረዳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቦስተን በ1950ዎቹ በመሃል ከተማዋ ላይ በብረት አምዶች የተሸከመ ባለ ስድስት መስመር የፍጥነት መንገድ ዘረጋች፤ መንገዱም በ1959 ለትራፊክ ተከፈተ። ለሥራው ሲባል ወደ 20,000 የሚደርሱ ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ኖርዝ ኤንድ የተባለው የጣሊያን ስደተኞች ሰፈር ከመሃል ከተማው ተቆረጠ፤ የባሕሩ ዳርቻም ከቢሮዎቹና ከገበያው ጀርባ ተጣለ። የሕዝቡ ቅሬታ ገና ግንባታው ሳይጠናቀቅ በመበርታቱ የመንገዱ ደቡባዊ ክፍል በአምድ ላይ መሄዱ ቀርቶ በመሬት ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። ከተማዋ ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ሁለቱንም ዓይነት መንገድ ጎን ለጎን የማየት ዕድል ነበራት።

መንገዱ የታሰበው በቀን 75,000 ያህል ተሽከርካሪዎችን ለማስተናገድ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ወደ 200,000 አሻቀበ፤ መጨናነቁም በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ ይዘልቅ ጀመር። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በተሽከርካሪው ብዛት ላይ ይጣላል፤ በእርግጥም ብዛቱ አለ። ዋናው ደካማ ጎን ግን መግቢያና መውጫው ነበር። በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ 27 መግቢያና መውጫ መንገዶች ተደርድረው ነበር። የሚገባው አሽከርካሪ ፍጥነቱን ለመጨመር ወደ ግራ ሲል፣ የሚወጣው ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቀኝ ይላል፤ ሁለቱ በአጭር ርቀት ውስጥ እየተጠላለፉ ያልፋሉ። የአደጋው መጠን በአገሪቱ ካሉ መሰል የከተማ መንገዶች አማካይ አራት እጥፍ ያህል የነበረውም በአብዛኛው በዚህ ሳቢያ ነው።

መንገዱን ከመሬት በታች የመክተቱን ሐሳብ አጥብቀው ከያዙት ሰዎች ዋነኛው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የግዛቲቱ የትራንስፖርት ኃላፊ የነበሩት መሐንዲስ ፍሬድ ሳልቩቺ ናቸው። የሴት አያታቸው ቤት ለሌላ የፍጥነት መንገድ ሲባል ተወስዶ ነበርና፣ መንገድ በሰው ቤት ላይ የሚያልፍበትን አሠራር ከመጽሐፍ አልነበረም የተማሩት። ያቀረቡትም አዲሱ መንገድ የማንንም መኖሪያ ሳይነካ በነባሩ መንገድ ሥር በቀጥታ እንዲያልፍ ነበር። ይህ ውሳኔ ለነዋሪው የሚጠቅመውን ያህል ለመሐንዲሱ ፈተና ነበር፤ አሮጌው መንገድ ተሸከርካሪ እያስተላለፈ ባለበት ሰዓት አምዶቹ በቆሙበት መሬት ውስጥ ሌላ መንገድ መቆፈር ማለት ነውና። የአሜሪካ ምክር ቤት ለሥራው የሚውለውን ገንዘብ በ1987 ከፕሬዚዳንት ሬገን የተቃውሞ ድምፅ በላይ ሄዶ አጸደቀ፤ ግንባታውም በ1991 ተጀመረ።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራው ሥራ ከመንገድ ላይ አይታይም። በአሮጌ ከተማ ሥር ማን እንደቀበረው የተረሳ ነገር ሁሉ አለ። በቦስተን የጋዝ፣ የመብራት፣ የስልክ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሮች በድምሩ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ከሥራው መስመር ተነሥተው በአዲስ ቦታ መቀበር ነበረባቸው፤ ባለቤቶቻቸውም 31 የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩ። መሬቱ ራሱ በብዙ ቦታ ባሕር ተደልድሎ የተገኘ ነው፤ በውስጡ የድሮ ወደቦች የእንጨት ምሰሶዎችና የድንጋይ ግንቦች ተቀብረዋል። የቅርስ ተመራማሪዎችም ቀድመው ገብተው ቆፍረዋል፤ ካገኙት መካከል ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በቀረ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለች የእንጨት መጫወቻ ኳስ ትገኛለች።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የግድግዳው ሥራ ነው። ልቅና ውሃ ያዘለ መሬት በቀጥታ ቢቆፈር ጉድጓዱ ይናዳል፤ ሲናድም በዙሪያው ያሉትን ሕንፃዎች መሠረት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ግድግዳው በመሬት ውስጥ መቆም አለበት። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ በሁለቱም ዳር አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠባብ ቦይ በክሬን በተንጠለጠለ መንጋጋ መሰል አካፋ ወደ ታች ይቆፈራል። አፈሩ በወጣ ቁጥር ቦታው ቤንቶናይት በተባለ የሸክላ ዓይነት በተበጠበጠ ወፍራም ፈሳሽ ይሞላል። ፈሳሹ ከውሃ ስለሚከብድ የቦዩን ጎኖች ገፍቶ ይይዛል፤ እንዳይናዱ ያደርጋል። ቦዩ ጽኑ መሬት ሲደርስ ትላልቅ የብረት ተሸካሚዎች በፈሳሹ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ቀጥሎም ኮንክሪት በረጅም ቱቦ አማካይነት ከታች ጀምሮ ይፈስሳል። ኮንክሪቱ ከፈሳሹ ስለሚከብድ ከሥር እየሞላ ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የወጣው ፈሳሽም ተጣርቶ ለሚቀጥለው ቦይ ያገለግላል። በኢትዮጵያ ገጠር የጭቃ ቤት ሲሠራ እንጨቱ ቀድሞ ቆሞ ጭቃውን ይሸከማል፤ እዚህ ግን ቀድሞ የሚገባው ጭቃው ነው፤ ግድግዳው እስኪቆም ድረስ መሬቱን ይዞ ይቆይና ቦታውን ለቅቆ ይወጣል።

በቦስተን በዚህ መንገድ የተሠራው ግድግዳ ርዝመት ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሌሎች ሥራዎች እንዲህ ያለው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ በውስጡ ሌላ ቋሚ ግድግዳ ይሠራለታል። በቦስተን ግን ቦታው ጠባብ ስለነበር የቦዩ ግድግዳ ራሱ የመሿለኪያው የመጨረሻ ግድግዳ እንዲሆን ተወሰነ። ይህ ውሳኔ ያስከተለው ነገር ወደ ኋላ ይነሣል።

ሁለቱ ግድግዳዎች ከቆሙ በኋላ አሮጌው መንገድ ከአምዶቹ ወደ እነርሱ ተዛወረ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከባድ የብረት ወራጆች ተጋደሙ፤ በሃይድሮሊክ ክሪክ የመንገዱ ክብደት ቀስ በቀስ ከነባሮቹ አምዶች ተነሥቶ በወራጆቹ ላይ ዐረፈ፤ ከዚያ የአምዶቹ እግር ተቆረጠ። አሽከርካሪዎች በላዩ ሲያልፉ ከሥራቸው የነበረው አምድ እንደሌለ የሚያውቁበት ምልክት አልነበረም። ቁፋሮው የቀጠለው በዚህ ሁኔታ፣ የጎዳናው ገጽ በጊዜያዊ ንጣፍ ተሸፍኖ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ውስጥ እንዳይገፉ የሚደግፉ አግዳሚ ብረቶች ይገባሉ፤ ወለሉና ጣሪያው ሲሠሩ ይህን ድጋፍ እነርሱ ይረከባሉ።

ጥልቀቱን የሚወስነው ግን መሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው ሁሉ ይወስነዋል። አዲሱ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ከምድር ባቡር መሿለኪያ በላይ ተጠግቶ ያልፋል። በደቡብ ጣቢያ አካባቢ ደግሞ በሌላ የምድር ባቡር መስመር ሥር ለማለፍ ወደ 37 ሜትር ጥልቀት ይወርዳል። በአንድ ከተማ ሥር እንዲህ የሚወጣና የሚወርድ መንገድ ለሚነዳው ሰው ምቹ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ይመስለዋል።

ወደ ምሥራቅ የሚያመራው ሌላው የፍጥነት መንገድ የገጠመው እንቅፋት የተለየ ነበር። ወደ ደቡብ ጣቢያ የሚገቡት የባቡር ሐዲዶች በየዕለቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባቡሮችን ያስተናግዳሉ፤ ለአንድ ሳምንት እንኳ መዝጋት አይታሰብም። ስለዚህ ከሐዲዶቹ ጎን ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ሦስት ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች በውስጣቸው ተሠሩ፤ ከዚያም ሣጥኖቹ በሃይድሮሊክ ክሪክ እየተገፉ በሐዲዶቹ ሥር እንዲያልፉ ተደረገ። ከሣጥኑ ፊት ያለው አፈር እንዳይፈስስ በመሬቱ ውስጥ ብዙ ቧንቧዎች ተተክለው ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ተዘዋወረባቸው፤ መሬቱ ከነውሃው እንደ ድንጋይ ረጋ። ሠራተኞቹ ከፊት ያለውን የረጋ አፈር እየፈለፈሉ ሲያወጡ፣ ሣጥኑ ከኋላ አንድ ሜትር ገደማ በቀን ይገፋ ነበር። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ መሬቱ ሐዲዶቹን ወደ ላይ ያነሣቸዋል፤ ስለዚህ የሐዲዱን ከፍታ በየጊዜው መለካትና ማስተካከል የሥራው አካል ነበር። ከላይ ባቡር፣ ከታች በበረዶ የተያዘ አፈር፣ በመካከል እየተገፋ የሚሄድ መንገድ፦ በዚህ ስፋት ከዚያ ቀደም በሰሜን አሜሪካ አልተሠራም ነበር።

መንገዱ ቀጥሎ ፎርት ፖይንት የተባለውን የባሕር መግቢያ ማቋረጥ ነበረበት። በውሃ ሥር ለማለፍ የተለመደው ዘዴ መሿለኪያውን በቁራጭ በቁራጭ በየብስ ሠርቶ፣ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ፣ አንሳፍፎ ማምጣትና በባሕሩ ወለል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ማስመጥ ነው። ከወደቡ ሥር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው የቴድ ዊሊያምስ መሿለኪያ እንዲሁ ተሠርቷል፤ 12ቱ የብረት ቁራጮች ባልቲሞር በሚገኝ የመርከብ መሥሪያ ተበጅተው በባሕር መጡ፤ መሿለኪያውም በታኅሣሥ 1995 ተከፈተ። በፎርት ፖይንት ግን ከባሕሩ የሚያስገቡት ድልድዮች ዝቅ ያሉ በመሆናቸው እንዲህ ያለ ቁራጭ ማሳለፍ አልተቻለም። መፍትሔው 300 ሜትር ገደማ ርዝመትና 18 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ እዚያው ከመግቢያው ዳር መቆፈር ሆነ። የኮንክሪት ቁራጮቹ በደረቁ ገንዳ ውስጥ ተሠሩ፤ ገንዳው በውሃ ሲሞላም ተንሳፈፉ። ከእነርሱ ትልቁ ከ50,000 ቶን በላይ ይመዝናል። ከሥራቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ የድሮ የምድር ባቡር መሿለኪያ ስለሚያልፍ ክብደታቸው በእርሱ ላይ ማረፍ አልነበረበትም፤ እስከ አለቱ በወረዱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ እንዲያርፉ ተደረገ።

የወጣው አፈር ወደ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ከእርሱ ጉልህ ክፍል በወደቡ መግቢያ ወዳለችው ስፔክታክል ደሴት ተጓጓዘ። ደሴቲቱ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ነበረች፤ ሸክላው ቆሻሻውን ሸፈነው፤ በላዩ ለም አፈር ተደልድሎ ዛፍ ተተከለ፤ በ2006ም ለሕዝብ መናፈሻነት ተከፈተች። በከተማ መሿለኪያ ሥራ የአፈሩ መድረሻ ከቁፋሮው ያልተናነሰ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ረገድ ቦስተን የሠራችው መልካም ሥራ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ለምን በማሽን አልተበሳም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያው አገር በምዕራብ ጠረፍ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሲያትል የተመረጠው ይህ መንገድ ነበር። እዚያም በባሕሩ ዳርቻ የቆመ ባለ ሁለት ደርብ ተንጠልጣይ መንገድ በ2001 የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፤ በምትኩ 17.5 ሜትር ስፋት ያለው ቆፋሪ ማሽን በከተማዋ ሥር አንድ ክብ መሿለኪያ እንዲበሳ ተደረገ። ማሽኑ በሐምሌ 2013 ጀምሮ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቆመ። ለመጠገን ከፊቱ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግንባሩ በክሬን ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማም ፈጀ። ሥራውን ጨርሶ የወጣው በሚያዝያ 2017 ሲሆን መንገዱ በየካቲት 2019 ተከፈተ። ማሽን የገጹን ጎዳና ሳይነካ በጥልቀት ማለፉ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ክብ ቱቦ በመሃሉ መውጫ ለማበጀት አይመችም፤ የሲያትሉ መሿለኪያም በመሃል ከተማ አንድም መውጫ የለውም። ቀድሞ ከተንጠልጣዩ መንገድ ወደ ገበያውና ወደ ቢሮዎቹ በቀጥታ ይወርድ የነበረ ሰው ዛሬ ከመሿለኪያው ውጭ በገጸ ምድር ጎዳና መሄድ አለበት። የፈረሰው መንገድ ፍርስራሽ ደግሞ ከዚያው መንገድ ጋር ይያያዝ የነበረውን የባተሪ ጎዳና መሿለኪያ ለመሙላት ዋለ፤ አንዱ መሿለኪያ ሲከፈት ሌላው ተደፈነ።

ቦስተን መውጫ ያስፈልጋት ነበር፤ ስለዚህ ከላይ የሚቆፈረውን ዘዴ መምረጧ የግድ ነበር። ቢሆንም 27ቱን መግቢያና መውጫ አልመለሰችም፤ ወደ 14 ቀነሰቻቸው። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ መኪና በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ቢሰጠው፣ ከ15 ሜትር ጥልቀት ወደ ገጸ ምድር ለመውጣት 300 ሜትር ይፈልጋል። በዚህ ርቀት ሁሉ መውጫው የከተማውን መሬት ይቀማል፦ መጀመሪያ ጣሪያ አለው፤ ወደ ላይ ሲቃረብ ጣሪያው ያልቅና ክፍት ቦይ ይሆናል። ይህን ክፍት ክፍል መሐንዲሶች በጀልባ ይመስሉታል፤ ምሳሌውም ከቅርጹ አልፎ ይሄዳል። ወለልና ሁለት ግድግዳ ብቻ ያለው ባዶ ሣጥን በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጣሪያና አፈር ከላዩ ስለማይጫነው ሊንሳፈፍ ይችላል። ስለዚህ ወለሉ ከሚሸከመው በላይ ወፍራም ሆኖ ይሠራል፣ ወይም ወደ ታች በማሰሪያ ይያዛል።

መሿለኪያው አየር ይሻል። በረጅም መሿለኪያ ውስጥ የሞተር ጭስ በራሱ አይወጣም፤ እሳት ቢነሣ ደግሞ ከነበልባሉ ይልቅ የሚገድለው ጭሱ ነው። በቦስተን ሰባት የአየር ማናፈሻ ሕንፃዎች ተሠሩ፤ ከእነርሱ የሚገፋውና የሚሳበው አየር በመሿለኪያው ውስጥ የሚሄድበት የራሱ መተላለፊያ ያስፈልገዋል። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ይህ መተላለፊያ የተገኘው ከመንገዱ በላይ ከባድ የኮንክሪት ሰሌዳዎችን ከዋናው ጣሪያ በብረት ዘንግ አንጠልጥሎ ነው። ሰሌዳው ለሚያልፈው ሰው ጣሪያ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የአየር ቦይ ወለል ነው።

ከመጋጠሚያዎቹ መጀመሪያ የተፈተነው የግድግዳው ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው መሿለኪያ በመጋቢት፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው በታኅሣሥ 2003 ተከፈተ፤ በመስከረም 2004 ከአንዱ ግድግዳ ውሃ ፈንድቶ ወደ መንገዱ ገባ። ሲመረመር በዚያ ቦታ ኮንክሪቱ ሲፈስስ አፈር ተቀላቅሎ እንደቀረበት ታወቀ። በጭቃ ውስጥ የሚፈስስን ኮንክሪት ማንም በዓይኑ አያየውም፤ ጥራቱ የሚታወቀው መሬቱ ሲቆፈርና ግድግዳው ሲገለጥ ነው። ከዚህ ሌላ ጣሪያው ከግድግዳው በሚጋጠምበት መስመር በመቶዎች የሚቆጠሩ አነስተኛ ፍሳሾች ተገኙ፤ አንድ በአንድ መደፈን ነበረባቸው። ውስጠኛ ሁለተኛ ግድግዳ ቢኖር ውሃው በሁለቱ መካከል ተሰብስቦ በወጣ ነበር። የጠባቡ ቦታ ዋጋ ይህ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሕይወት አጠፋ። በሐምሌ 10 ቀን 2006 ሌሊት ወደ ቴድ ዊሊያምስ መሿለኪያ በሚያገናኘው ክፍል ውስጥ ከተንጠለጠለው ጣሪያ 26 ቶን ያህል ኮንክሪትና ብረት በአንዲት ተሳፋሪ መኪና ላይ ወደቀ፤ አንዲት ሴት ሞተች፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ባለቤቷ ተረፈ። የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ዘገባ ምክንያቱን አስረዳ። ሰሌዳዎቹን የያዙት ቡሎኖች ወደ ላይ በተበሳ የኮንክሪት ቀዳዳ ውስጥ ኢፖክሲ በተባለ ማጣበቂያ የተተከሉ ነበሩ። የተጠቀሙበት ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ነበር፤ ይህ ዓይነት ለአጭር ጊዜ ከባድ ክብደት ቢችልም የማያቋርጥ ክብደት ሲንጠለጠልበት ግን በዝግታ ይለጠጣል። በተተከለ ማግስት ተስቦ ሲፈተን ፈተናውን ያልፋል፤ ወራትና ዓመታት ሲያልፉ ቡሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየወረደ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ምልክቱ ቀድሞ መታየቱ ነው፦ በ1999፣ ግንባታው ገና ሳያልቅ፣ አንዳንድ ቡሎኖች ወደ ታች መውጣታቸው ታይቶ ተስተካክለው ነበር፤ ለምን እንደወጡ ግን እስከ መጨረሻው አልተጣራም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ያን ጣሪያ በየጊዜው የሚመረምር ሥርዓት አልነበረም። ዓለም ያደነቀው የበረዶና የክሪክ ሥራ አልወደቀም፤ የወደቀው ማንም ልብ ያላለው፣ የጣት ያህል ውፍረት ያለው ቡሎን ነው።

የወጪው ነገር ብዙ ተብሎበታል፤ እዚህ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች የተገመተው ሥራ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ከልዩነቱ የተወሰነው የዋጋ ንረት ነው፤ የተወሰነው በመጀመሪያው ግምት ያልተካተቱ ሥራዎች ናቸው፤ ቀሪው አሁንም ያከራክራል።

አሮጌው ተንጠልጣይ መንገድ ሲፈርስ በመሃል ከተማው 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ባዶ መሬት ተገኘ። እንዲህ ያለ ቦታ በዋጋ የማይገኝ በመሆኑ ሕንፃ ሊሠራበት የሚመኝ አልጠፋም ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍት ሆኖ እንዲቀር አስቀድሞ ተወስኗል። በላዩ የሮዝ ኬኔዲ መናፈሻ በ2008 ተመረቀ። ይህ መናፈሻ በሁለት በኩል ባለ አንድ አቅጣጫ ጎዳናዎች ያቅፉታል፤ ሲነደፉ እንደ ማስዋቢያ አልታዩም። መግቢያዎቹ በግማሽ ሲቀነሱ ቀድሞ ለአንድና ለሁለት ኪሎ ሜትር ጉዞ ወደ ፍጥነት መንገዱ ይገባ የነበረ ሰው ወደ እነዚህ ጎዳናዎች ወርዷል። መሿለኪያው ረጅሙን ጉዞ ተቀበለ፤ አጭሩን ለገጸ ምድር ትቶታል። በእነዚህ ጎዳናዎች ላይ የትራፊክ መብራቱ፣ የእግረኛው መሻገሪያ፣ የአውቶቡሱ ማቆሚያና ከመሿለኪያው የሚወጣው መኪና በአንድ መስቀለኛ ቦታ ይገናኛሉ። መብራቱ ከውስጥ ለሚወጣው ረጅም ሰዓት ቢሰጥ እግረኛው ይቆማል፤ አጭር ቢሰጥ ሰልፉ ወደ ኋላ ረዝሞ መሿለኪያው ውስጥ ይገባል፤ ይህም በውስጡ በፍጥነት የሚመጣውን መኪና ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ የአንድ መስቀለኛ መንገድ መብራት አቆጣጠር የመሿለኪያው ደኅንነት አካል ነው።

የኖርዝ ኤንድ ነዋሪ ዛሬ በአምዶች ሥር ሳይሆን በሣር መካከል ወደ መሃል ከተማ ይሻገራል፤ ወደ ባሕሩ የሚወስዱት ጎዳናዎችም እንደገና ተከፍተዋል። መናፈሻው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ አይደለም። በሦስት ቦታዎች መሬቱን የያዙት የመሿለኪያው መግቢያና መውጫዎች ናቸው። በመጀመሪያው ዕቅድ በእነዚህ ላይ ሕዝብ የሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ቆመው ቦዮቹን እንዲሸፍኑ ታስቦ ነበር፤ ለአንዱ ሙዚየም፣ ለሌላው የስፖርትና የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ለሦስተኛው የባህል ማዕከል ተመድቧል። በሚወጣ መንገድ ላይ ሕንፃ ማቆም መሠረቱን ከቦዩ ግድግዳዎች ጋር ማስማማትን ስለሚጠይቅ ወጪው ከተራ ሕንፃ እጅግ ይበልጣል፤ ገንዘቡ ባለመገኘቱ ሦስቱም ሳይሠሩ ቀሩ። ቦዮቹ ክፍት ናቸው። በመናፈሻው የሚሄድ ሰው እነዚያ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ሣሩ ያልቅና የኮንክሪት ከለላ ይገጥመዋል፤ ከከለላው በታችም መብራታቸውን አብርተው የሚወጡ መኪናዎች ይታያሉ።